አሥራ አምስቱ ሽልንግ የማን ነበር?

በ1992 አጋማሽ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ አንድ ዶላርን በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዝር ነበር። ናይሮቢ ላይ ያው ዶላር 32 ሽልንግ ገደማ ያወጣ ነበር። ሁለቱን ያካፈለ ሰው አንድ ብር ከ15 የኬንያ ሽልንግ በላይ እንደነበረ ያገኛል። በ2025 ዶላሩ አዲስ አበባ ላይ 130 ብርን አልፎ ሲሄድ ናይሮቢ ላይ 129 ሽልንግ አካባቢ ቆሞ ቀረ፤ አንድ ብርም አንድ ሽልንግ መሙላት አቃተው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ትልቅ ለቅሶ ተቀምጧል። ታክሲ ውስጥም፣ ቡና ሲፈላም፣ በቴሌቪዥን ክርክር ላይም ንግግሩ አንድ ዓይነት ነው፤ ድሮ ብር የጎረቤትን ገንዘብ አሥራ አምስት እጥፍ ይበልጥ ነበር፣ ዛሬ ከሥሩ ወድቋል፣ የአገሪቱን የቁልቁለት ጉዞ ለማወቅ ከዚህ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው። ድምዳሜው ግን ልክ አይደለም። ከስህተትነቱም በላይ ጉዳት አለው፤ ንብረቱ የተወሰደበት ሰው ሌባው የገባበትን በር ትቶ ማንም ያልነካውን በር ሲጠብቅ እንዲያድር ያደርገዋል።

የለቅሶው ክርክር ባዶ ጩኸት እንዳልሆነ ግን መመስከር ተገቢ ነው። የሚነሳው ከኑሮ ነው። ነዳጅ፣ መድኃኒት፣ የምግብ ዘይት፣ ማዳበሪያ፣ የመኪና መለዋወጫ፣ ሁሉም በዶላር ይገባል፤ ብር ሲወርድ የሁሉም ዋጋ ይወጣል፣ ደመወዝ ግን ባለበት ይቆማል። ቀጥሎ ወደ ጎረቤት ያመለክታል፤ ኬንያም ሙስና፣ የምርጫ ሁከትና የዕዳ ጫና ነበረባት፣ ታዲያ ገንዘቧ እንዴት ከብር ተሽሎ ተገኘ? ከዚያ ወደ ውጭ ይዞራል፤ በ1992ም ሆነ በ2024 ብር የወረደው የዓለም ባንክና የዓለም የገንዘብ ድርጅት ደጅ በተጠናበት ሰሞን ነው፣ ውሳኔው የአገር ልጅ ውሳኔ አይደለም ይላል። በመጨረሻ ጠንካራውን ያነሳል፤ ብር ሲረክስ ኤክስፖርት ያድጋል ተብሎ በ2010 እና በ2017 ተመኑ ተቆረጠ፣ ኤክስፖርቱ ግን ለዓመታት 3 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ተገትሮ ቀረ።

ይህን የሚናገር ሰው አላዋቂ አይደለም። ከሚለው ብዙው እውነት ነው። የሚሳሳተው መነሻው ላይ ነው፤ የ1992ቱ 15 ሽልንግ እውነተኛ ዋጋ ነበር ብሎ ማመኑ ላይ።

የብርና የሽልንግ ተመን ሰንጠረዥ ለምን ከ1992 ይጀምራል? ወደ ኋላ ይገለጥ። ኬንያ የራሷን ሽልንግ ያወጣችው በመስከረም 1966 ሲሆን ያን ጊዜ አንድ ዶላር 7 ሽልንግ ከ14 ሳንቲም ነበር። ብር ደግሞ ለአንድ የአሜሪካ ዶላር 2 ብር ከ50 ሳንቲም። ስለዚህ በንጉሡ ዘመን፣ ብዙዎች በናፍቆት በሚያነሱት ዘመን፣ አንድ ብር 3 ሽልንግ እንኳ አይሞላም ነበር፤ 2 ሽልንግ ከ86 ሳንቲም ነው። በ1973 የአሜሪካ ዶላር ሲረክስ ብር 2.07 ላይ ተተከለ። እዚያው እንደተተከለ ከ19 ዓመት በላይ ኖረ።

ታዲያ 3 የማይሞላው እንዴት 15 ደረሰ? ኢትዮጵያ በእነዚያ ዓመታት ከኬንያ አንጻር አምስት እጥፍ በለጸገች? ዘመኑ የአብዮት፣ የቀይ ሽብር፣ የሶማሊያ ወረራና የሰሜኑ ጦርነት ዘመን ነው። በሰባ ሰባቱ ረሃብ፣ የኮረም ሜዳ በተራበ ሕዝብ በተሞላበት በ1984፣ አንድ ብር 7 ሽልንግ ገደማ ይገዛ ነበር። ደርግ በወደቀበት በ1991 ደግሞ ከ13 በላይ። ሰንጠረዡን የአገር ጤና መለኪያ አድርጎ የሚያነብ ሰው፣ ኢትዮጵያ ከረሃቡ እስከ መንግሥት ውድቀት ባሉት ሰባት ዓመታት ጤንነቷ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ብሎ ለመመስከር ይገደዳል። ይህን ለማለት የሚደፍር ማን አለ? ከ1992 ወዲህ ያለውን ቁልቁለት የውድቀት ታሪክ ነው የሚል፣ ከዚያ በፊት ያለውን ዳገት የብልጽግና ታሪክ ነው ማለት አለበት። አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል አይቻልም።

የሆነው ሌላ ነው። ሽልንግ ከኬንያ የገበያ ዋጋ ጋር ቀስ በቀስ ወረደ፤ በ1980 ለዶላር 7 ተኩል ገደማ የነበረው በ1990 ወደ 23 ተጠጋ። ብር በበኩሉ አልጠነከረም። በአዋጅ ታስሮ ነበር። አንዱ ሲወርድ ሌላው እንዳይነቃነቅ ሲደረግ የማይነቃነቀው ከፍ ያለ ይመስላል፤ መምሰሉ ግን የተከፈለበት ነበር።

በዚያው በ1992 ዶላር በጥቁር ገበያ 7 ብር ገደማ ይሸጥ ነበር። 32ቱ ሽልንግ በ7 ብር ሲካፈል ገናናው ተመን ወደ 4 ሽልንግ ተኩል ይወርዳል። ሰው ከሰው ጋር ተስማምቶ የተገበያየበት ዋጋ ይኸኛው ነው። አሥራ አምስቱ የኖረው በባንክ ሰሌዳ ላይ ብቻ ነበር፤ በዚያ ሰሌዳ ዶላር የሚያገኘውም የመንግሥት ኮርፖሬሽን፣ ጦሩና የአስመጪነት ፈቃድ በእጁ የገባለት ጥቂት ሰው ነው።

ለዚህ ርካሽ ዶላር ዋጋውን የከፈለው ማን ነው? ቡና የለቀመ ገበሬ ነው። በደርግ ዘመን ከአገሪቱ የኤክስፖርት ገቢ ከግማሽ በላዩ ቡና ነበር። ገበሬው የሚሸጠው መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ነው። ቡናው ባሕር ተሻግሮ አንድ ዶላር ሲያመጣ ዶላሩ ወደ ብር የሚለወጠው በ2.07 ነው፤ ያው ዶላር ከባንኩ ጀርባ፣ መርካቶ ጓዳ ውስጥ፣ ከሦስት እጥፍ በላይ ያወጣል። የ5 ብር ገደማ ልዩነቱ የትም አልጠፋም። ዶላሩን በርካሽ ወደተፈቀደለት ሰው ሄደ። ይህ ግብር ነው፤ ማንም ሸንጎ ያልተከራከረበት፣ ደረሰኝ ያልተቆረጠለት፣ ከፋዩ እንኳ መክፈሉን ያላወቀው ግብር። በሐምሌ 1989 የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት ኮታ ፈርሶ የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ሲያሽቆለቁልም 2.07 አልተነካም፤ ገበሬው ከሁለቱም ወገን ተመታ። የሐረርጌ ገበሬ ቡናውን እየነቀለ ጫት የተከለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከብት በሞያሌና በሶማሌ ድንበር፣ ቡና በየበረሃው መንገድ ሾልኮ የወጣውም ሰው አገሩን ስለጠላ አይደለም። ድንበር የተሻገረ በሬ እውነተኛ ዋጋ ያገኝ ስለነበር ነው።

እንግዲህ አሥራ አምስቱ ሽልንግ የማን ነበር? ከጅማ፣ ከሲዳማና ከሐረርጌ ገበሬ ጎተራ ወጥቶ ፈቃድ ላለው አስመጪ የተሰጠ ነበር። በዛሬው ለቅሶ ውስጥ የማይሰማው ድምፅ የዚህ ገበሬ ነው፤ አልቃሾቹ በአብዛኛው ከተሜዎች ናቸው፣ በሰሌዳው ሲጠቀም የኖረውም ከተማው ነው።

በአዋጅ የታሰረ ገንዘብ ኢትዮጵያ ብቻ ያየችው ጉድ አይደለም። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ በ1966 የየራሳቸውን ሽልንግ ሲያወጡ ሦስቱም እኩል ነበሩ፤ አንዱ በአንዱ ያለ ልዩነት ይመነዘር ነበር። ከ19 ዓመት በኋላ፣ በ1985፣ የኬንያው ለዶላር 16 ሽልንግ ከምናምን፣ የታንዛኒያው 17 ከምናምን ነበር። በይፋ ሰሌዳ ሁለቱ ገንዘቦች አሁንም ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር ማለት ነው። በዚያው ዓመት ግን ዳሬሰላም ውስጥ ሳሙናና ስኳር ብርቅ ነበር፤ የሱቅ መደርደሪያ ባዶ ነበር። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ገንዘባቸውን ዝቅ አላደርግም ብለው እስከ መጨረሻው ተሟገቱ፤ ሥልጣን በለቀቁ ማግስት፣ በ1986፣ ተተኪያቸው አሊ ሐሰን ምዊኒ ከገንዘብ ድርጅቱ ጋር ተስማሙ፣ በ1987 ዶላር ከ60 ሽልንግ በላይ ሆነ። ዛሬ አንድ የኬንያ ሽልንግ 20 ገደማ የታንዛኒያ ሽልንግ ይገዛል። በለቅሶው ስሌት ታንዛኒያ ከኬንያ ሃያ እጥፍ ወድቃለች። በእውኑ ዓለም ግን ከ2000 ወዲህ የታንዛኒያ ኢኮኖሚ በአማካይ ከኬንያው ፈጥኖ አድጓል፤ ሳሙናም በየሱቁ አለ።

ከዚህ የቀረበ ምሳሌም አለ። የኤርትራ ገንዘብ ናቅፋ በኅዳር 1997 ሲወጣ ከብር ጋር አንድ ለአንድ ነበር፤ ኢትዮጵያ በዚያ ተመን አልገበያይም ብላ የብር ኖቶቿን ለወጠች፣ በሁለቱ አገሮች መካከል የሚደረገው ንግድም ከትንሹ የድንበር ንግድ በቀር በውጭ ምንዛሪ ይሁን አለች። ናቅፋ ከ2005 ጀምሮ ለዶላር 15 ላይ ታስሮ ተቀምጧል። በ2025 ሁለቱን ይፋ ተመኖች ያካፈለ ሰው አንድ ናቅፋ 9 ብር ገደማ ሆኖ ያገኘዋል። የኤርትራ ኢኮኖሚ ከኢትዮጵያ ኢኮኖሚ ዘጠኝ እጥፍ ጠነከረ? ይህን የሚቀበል አንድ ነጋዴ አይገኝም። የናቅፋውን ዘጠኝ ብር ሰምቶ ከንፈሩን የሚመጥጥ ሰው ግን የራሱን አሥራ አምስት ሽልንግ ሲያነሳ እንባ ይተናነቀዋል። ሁለቱ ቁጥሮች የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ጋና በሐምሌ 2007 ከገንዘቧ ከሲዲ ላይ አራት ዜሮ ቆረጠች፤ በማግሥቱ አንድ ሲዲ ከአንድ የአሜሪካ ዶላር በለጠ። በአንድ ሌሊት የአንድም ጋናዊ ኑሮ አልተለወጠም።

ስለ ሽልንግስ ምን ይባላል? አልቃሹ ሽልንግን የማይነቃነቅ መለኪያ አድርጎ ይይዘዋል፤ የገዛ ታሪኩ ግን ሌላ ይናገራል። በጥቅምት 1992 መጀመሪያ የሽግግር መንግሥቱ ተመኑን ከ2.07 ወደ 5 ብር ሲያዛውር አንድ ብር በአንድ ሌሊት ወደ 7 ሽልንግ ወረደ። ዓመት ከጥቂት ወር ሳይሞላ፣ በ1993 መጨረሻ፣ ተመልሶ ከ13 ሽልንግ በላይ ሆነ። ኢትዮጵያ በዚያ ዓመት ምን ተአምር ሠራች? ምንም። ናይሮቢ ነች የተናጋችው፤ በ1992ቱ የመድብለ ፓርቲ ምርጫ ሰሞን ገንዘብ ያለ ልክ ወደ ገበያ ፈሰሰ፣ የጎልደንበርግ ኩባንያ ሰዎች ላልነበረ የወርቅና የአልማዝ ኤክስፖርት ከመንግሥት ካዝና ማካካሻ ወሰዱ፣ ሽልንግም በአንድ ዓመት ውስጥ ለዶላር ከ36 ወደ 68 ገደማ ተንከባለለ። ከዚያ የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ ገንዘቡን ሲያጠብቅ ሽልንግ ተነሳ፤ በ1995 ዶላር 51 ሽልንግ አካባቢ ነበር፣ ብርም ወደ 8 ሽልንግ ተመለሰ። የብር «ውድቀት» ግማሹ የኬንያ ማገገም ነበር።

በ2024 መጀመሪያም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። በጥር ወር ዶላር ናይሮቢ ላይ 160 ሽልንግ ደርሶ ነበር፤ አገሪቱ የቦንድ ዕዳዋን መክፈል ያቅታታል የሚል ፍርሃት ነበር። በየካቲት ኬንያ አዲስ የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጣ አሮጌውን ስትገዛ ፍርሃቱ ረገበ፣ ሽልንግም በሳምንታት ውስጥ ወደ 130 ተመለሰ። ብር በዚያ ሁሉ ጊዜ 56 አካባቢ ቆሞ ሳለ ከ2.8 ሽልንግ ወደ 2.3 «ወደቀ»። አዲስ አበባ ላይ የተፈጸመ አንድም ነገር የለም። መለኪያው ራሱ የሚሳብና የሚሰበሰብ ከሆነ በእርሱ የተለካው ምን ይታመናል? የገንዘብ ድርጅቱ በ2018 ሽልንግ ከልኩ በላይ ተሰቅሏል፣ እንደተባለውም በነፃ የሚንሳፈፍ አይደለም ሲል የወቅቱ የማዕከላዊ ባንኩ ገዥ ፓትሪክ ንጆሮጌ በአደባባይ ተከራክረውታል። ከ2024 አጋማሽ ወዲህ 129 ላይ የቆመው ሽልንግም ናይሮቢ ውስጥ ይኸንኑ ጥያቄ ያስነሳል።

አሁን ወደ ሐምሌ 2024። ብሔራዊ ባንክ ተመኑን ለገበያ ለቅቄያለሁ ባለ በሁለት ሳምንት ውስጥ ዶላር ከ57 ብር ወደ 100 ብር አካባቢ ወጣ። ለብዙው ሰው ብር የወደቀው ያን ሳምንት ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ዶላር በትይዩ ገበያ ከ110 ብር በላይ ይሸጥ ነበር። ሞያሌ ላይ ከብት ሸጦ ሽልንግ የያዘ ነጋዴ ሽልንጉን በባንኩ ሰሌዳ፣ በ2.28 ሒሳብ፣ አይሰጥም ነበር፤ በትይዩው ዶላር ሲሰላ አንድ ብር ከ1.2 ሽልንግ አይበልጥም። ውድቀቱ ቀድሞ ደርሷል። በሐምሌ የተደረገው ሰሌዳውን እውነቱ ወዳለበት ማስጠጋት ነው። ኤልሲ (ባንክ ለአስመጪ የሚከፍተው የክፍያ ዋስትና) ለመክፈት ወራት ወረፋ የጠበቀ፣ ባንኩ የሰጠውን ተመን በወረቀት እየፈረመ ልዩነቱን በእጅ የከፈለ አስመጪ ይህን ያውቃል፤ ዕቃውን ሲሸጥም ዋጋውን ያወጣው በ57 ብር ሒሳብ እንዳልነበረ ገዢው ያውቃል።

የኑሮው ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል፤ ከሁሉም በላይ ክብደት የሚሰጠውም እርሱ ነው። የሕዝቡ ደመወዝ ተበልቷል፤ ይህ ሐቅ ነው። የበላው ግን ማን ነው? በኢትዮጵያ የዋጋ ንረት በ2008 ከ40 በመቶ በላይ፣ በ2011 ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ በ2022ም እንደገና ከ30 አለፈ። ኬንያ ካለፉት አሥር ዓመታት በአንዱም 10 በመቶ አልደረሰችም። ኬንያ በሙስና እየታመሰች ገንዘቧ እንዴት ተሻለ ለሚለው ጥያቄ መልሱ በአብዛኛው ይኸው ነው። ከ2018 እስከ 2023 ባሉት ስድስት ዓመታት በኢትዮጵያ የዕቃ ዋጋ በአማካይ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ፤ የዶላር ይፋ ዋጋ ግን ከ27 ብር ወደ 56 ብር፣ እጥፍ ገደማ ብቻ ነው የጨመረው። ይህን ልብ ማለት ያሻል። በእነዚያ ዓመታት ብር ጤፍ የመግዛት አቅሙን ያጣው ዶላር የመግዛት አቅሙን ካጣው በላይ ነው። የውጭው ምንዛሪ የአገር ውስጡን ንረት ተከተለ፤ ከኋላ፣ እያነከሰ ተከተለ። መንግሥት የበጀት ጉድለቱን ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ እየተበደረ ሲሞላ፣ አዲስ የተፈጠረው ብር እህልና ቤት ኪራይ ላይ ሲያርፍ፣ ያን ጊዜ ነው ደመወዝ የተበላው። የሽልንግ ሰንጠረዥ ይህን አያሳይም። ይባስ ብሎ ይደብቀዋል፤ ተመኑ ታስሮ ሳለ ሁሉ ሰላም ይመስላል።

የኤክስፖርቱ ክርክር በከፊል ትክክል ነው፤ የ2010ሩና የ2017ቱ ቅነሳ ፍሬ አላፈራም። ለምን? በመስከረም 2010 ዶላር ከ13 ብር ከ60 ወደ 16 ብር ከ35 ተዛወረ፤ በቀጣዩ ዓመት የመጣው ንረት ግን ላኪው ያገኘውን ብልጫ ሙሉ በሙሉ ዋጠው። በጥቅምት 2017 የ15 በመቶ ቅነሳ ሲደረግም ከኋላው የመጣው ያው ንረት ነው። ገንዘብ እየታተመ ተመን መቁረጥ ገበሬውን አይጠቅምም። ይህ የሚፈርደው በገንዘብ አታሚው ላይ ነው፤ ለታሰረው ተመን ምስክር ሊሆን አይችልም። ከሐምሌ 2024 በኋላ ባለው የበጀት ዓመት የሸቀጥ ኤክስፖርት ከ3.8 ቢሊዮን ወደ 8.3 ቢሊዮን ዶላር ወጣ፤ ለብሔራዊ ባንክ የገባው ወርቅ ከጥቂት ቶን ተነስቶ ከ35 ቶን በላይ ሆነ። የዓለም የወርቅና የቡና ዋጋ ሽቅብ መውጣቱ ትልቅ ድርሻ አለው፤ ይህን መካድ አይገባም። ግን ያ ሁሉ ወርቅ በአንድ ዓመት ከመሬት አልፈለቀም። ቀድሞም ይቆፈር ነበር፤ ይወጣ የነበረው በሌላ በር ነው።

የውጭ ጫና ነበር? ነበር። የ2024ቱ ለውጥ ከገንዘብ ድርጅቱ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ጋር በአንድ ቀን ነው የታወጀው። ሆኖም ሐኪሙ ባዕድ መሆኑ በሽታውን ሐሰት አያደርገውም። ደርግ ለማንም ሳይንበረከክ 2.07ን እስከ ዕለተ ሞቱ ይዟት ኖረ፤ ያ ሉዓላዊነት ከሆነ ዋጋውን የከፈለው ገበሬ ሉዓላዊነቱን በየት በኩል አገኘው? ጫናን መቃወም የሚፈልግ ሰው የብድሩን ቅድመ ሁኔታ፣ የድጎማውን አነሳስ፣ የፍጥነቱን ልክ ይሞግት፤ ተገቢ ነው። የሞተ ቁጥርን ማስነሳት ግን ነፃነት አይደለም።

ይህ ስህተት በለቅሶ ብቻ እንዳይመስል፤ በፉከራም ኖሯል። በ2023 በዓለም ባንክ ሒሳብ የኢትዮጵያ ኢኮኖሚ 163 ቢሊዮን ዶላር፣ የኬንያ 108 ቢሊዮን አካባቢ ነበር፤ አገሪቱ የምሥራቅ አፍሪካ ቁንጮ ሆነች ተብሎ ተጨበጨበ። በ2025 የገንዘብ ድርጅቱ ለኬንያ 132፣ ለኢትዮጵያ 117 ቢሊዮን ሲገምት ያው አፍ ተዋረድን አለ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከኢትዮጵያ እርሻ፣ ፋብሪካና ግድብ ከሩብ በላዩ ተነቅሎ ሄደ? አካፋዩ ነው የተለወጠው። የ163ቱ ጭብጨባ በታሰረ ተመን የተገዛ ነበር፤ በዚያ ያጨበጨበ ሰው ዛሬ በ117ቱ ማልቀሱ የራሱን ጭብጨባ ዕዳ መክፈሉ ነው።

የብርና የሽልንግ ተመን በእውነት የሚያምባቸው ሰዎች የሉም ማለት አይደለም። ልጁን ናይሮቢ የሚያስተምር አባት አለ። ናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር ያለ ዘመዱን የሚረዳ ቤተሰብ አለ። የኬንያው የቴሌኮም ኩባንያ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ውስጥ በብር ያገኘውን ናይሮቢ ላይ በሽልንግ ሲመዘግብ የብር መርከስ ሒሳቡን ጎድቶታል። እነዚህ እውነተኛ ጉዳቶች ናቸው። ሁሉም ግን አንድ ነገር ይፈልጋሉ፤ ነገ የሚገመት፣ በባንክ መስኮት በተጻፈው ዋጋ በእርግጥ የሚገኝ ምንዛሪ። አሥራ አምስት ሽልንግ ተብሎ ተጽፎ፣ ሲጠየቅ የለም የሚባል ምንዛሪ ለማንኛቸውም አይጠቅምም። ኬንያ የምንዛሪ ቁጥጥር ሕጓን በ1995 ሽራ ዜጋዋ በየመንገዱ ባለው ቢሮ እንዲመነዝር አድርጋለች፤ ኢትዮጵያ ከባንክ ውጭ ላሉ የምንዛሪ ቢሮዎች ፈቃድ የሰጠችው በ2024 ነው። መቅናት ካስፈለገ በእነዚህ 29 ዓመታት ይቀናል።

ስለዚህ የብር ዕጣ የሚወሰንበት መስመር በናይሮቢ ሰሌዳ ላይ አይፈለግ። በነሐሴ 2023 ብሔራዊ ባንክ ለመንግሥት የሚሰጠው ቀጥተኛ ብድር ካለፈው ዓመት ከሲሶው እንዳይበልጥ፣ የባንኮች ብድርም ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ወስኖ ነበር። በየታክሲውና በየመድረኩ በስሜት መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፤ ገደቡ ተከበረ ወይስ ተጣሰ? ጦርነት ወይም ምርጫ ሲመጣ ማን ይጠብቀዋል? ተመኑስ ነገ ሌላ ባለሥልጣን ሲያመቸው ተመልሶ ይታሰራል? መንግሥት ብር አትሞ ጉድለቱን መሙላት በጀመረበት ወር ሽልንግ ምንም ላይል ይችላል፤ የጤፍና የዘይት ነጋዴ ግን በዚያው ወር ዋጋ ይጨምራል፤ የደመወዝተኛው ቤትም በዚያው ወር ይጎድላል። ያን ወር ዝም ብሎ አሳልፎ፣ ከዓመታት በኋላ ተመኑ ሲስተካከል ድንኳን የሚጥል አስተያየት የሕዝብ ወገን ነኝ ሊል አይችልም።